የሙከራ መርዶ

እነሆ በዛሬው እትም እኛው ራሳችንን ከሰን ቀርበናል። በ2016 ዓ.ም. ክረምት፣ በአንድ ዝናባማ ሌሊት፣ እዚህ ጎሮምና ጁባ ከተማ በሚኖሩ ዕድርተኞቻችን ስልክ ላይ የገባውን የቀብር ጥሪ የላክነው እኛ ነን። «ሟቿ» ግን እስከ ዛሬ ድረስ ቡና እያፈሉ ይሸጣሉ፤ እግዚአብሔር ዕድሜያቸውን ያርዝመው። ነገሩን ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁታል። አንዱ ጨምሮበታል፣ ሌላው ቀንሶለታል፣ «ኮምፒዩተሩ ሟርተኛ ነው» ያለም አልጠፋ። እንግዲህ ዛሬ ከባለቤቶቹ አፍ ስሙት። የምንጽፈው ለይቅርታ ብቻ አይደለም፤ አሁን ኮምፒዩተር እየተማሩ ያሉ ታናናሾቻችን እኛ የወደቅንበት ጉድጓድ ውስጥ እንዳይገቡ ብለን ነው።

እኛ የዕድሩን መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር እንድናስገባ የተመረጥን ሦስት ሰዎች ነን። ዕድራችን እንደማንኛውም ዕድር ነው። መዋጮ አለ፣ ድንኳን አለ፣ ወንበርና ሳህን አለ፤ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለ። አገር ቤት ቢሆን ሰው ሲሞት ጥሩምባ ነፊው በየሰፈሩ ይዞር ነበር። እዚህ ግን ዕድርተኛው ተበትኗል፤ ግማሹ ካምፑ ውስጥ ነው፣ ግማሹ ጁባ ከተማ ሆቴል ቤት፣ ጋራዥና ሱቅ ሲሠራ ይውላል። ከጎሮም የተነፋ ጥሩምባ ደግሞ ጁባ አይሰማም። ስለዚህ ኮሚቴው «ጥሩምባችን ስልክ ይሁን» አለ። እኛም ፓይተን በሚባለው የኮምፒዩተር ቋንቋና ጃንጎ በሚባለው መሣሪያ አንድ ፕሮግራም ጻፍን። ፕሮግራሙ የዕድርተኛውን ስም፣ ስልክ፣ ቤተሰብና የከፈለበትን ወር ይይዛል። ሰው ሲሞት ደግሞ በኬብል ከላፕቶፑ ጋር በተያያዘ ስልክ ለሁሉም የጽሑፍ መልእክት ይልካል።

ፕሮግራም የጻፈ ሰው እንደሚያውቀው፣ አንድ ቦታ ሲነኩ ሌላ ቦታ ይበላሻል። የመዋጮውን ሒሳብ አስተካክለን ስንጨርስ የቀብር ጥሪው ሥራ አቁሞ እናገኘዋለን። ሁሉንም ነገር ሁልጊዜ በእጅ መፈተሽ ደግሞ ቀን ይፈጃል። ስለዚህ ፕሮግራሙን የሚፈትሹ ትናንሽ ፕሮግራሞች ይጻፋሉ፤ ቴስት ይባላሉ። አንድ ትእዛዝ ስትሰጣቸው ተራ በተራ ይሮጡና «ይህ ደህና ነው፣ ያኛው ወድቋል» ብለው ይነግሩሃል። ሻይህን ፉት ሳትል ይጨርሳሉ።

ታዲያ ቴስት ባዶ ሜዳ ላይ አይሮጥም። «ሁለት ወር ያልከፈለ ሰው ማስጠንቀቂያ ይድረሰው» የሚለውን ለመፈተሽ መጀመሪያ ሁለት ወር ያልከፈለ ሰው መዝገቡ ውስጥ መኖር አለበት። ቴስቱ ከመጀመሩ በፊት ዳታቤዙ ውስጥ የሚቀመጠው ይህ የታወቀ መነሻ መረጃ ፊክስቸር ይባላል። ቃሉ ወርክሾፕም ውስጥ አለ፤ ብረት ስትቆርጥ ወይም ስትሞርድ እንዳይንቀሳቀስ አጥብቆ የሚይዝልህ ነገር ማለት ነው። የእኛ ብረት ሠራተኞች ሞርሳ የሚሉት ዓይነት መሆኑ ነው። ሞርሳ የሌለው ሰው በአንድ እጁ ይዞ በአንድ እጁ ይሞርዳል፤ የሚሞርደውም ብረቱን ሳይሆን ጣቱን ነው።

ነገሩ የእኛ ግኝት አይደለም። ኬንት ቤክና ኤሪክ ጋማ የተባሉ ባለሙያዎች በ1997 እ.ኤ.አ. ጄዩኒት የሚባለውን የቴስት መሣሪያ ሲጽፉ፣ ከእያንዳንዱ ቴስት በፊት የሚያሰናዳ፣ ከእያንዳንዱ ቴስት በኋላ የሚያነሳ ክፍል ሠርተውለታል። ከዚያ ወዲህ የመጡ ብዙ መሣሪያዎችም ይህንኑ መንገድ ይዘዋል። ዕድርተኛ ይህንን ለመረዳት አይቸገርም። ድንኳን እንተክላለን፣ ወንበር እንደረድራለን፤ ሐዘኑ ሲያበቃ ድንኳኑ ይነቀላል፣ ሳህኑ ተቆጥሮ ይመለሳል። ሳህኑን ሳይቆጥር የበተነ ዕድር በሚቀጥለው ሐዘን ላይ ያፍራል። ቴስትም እንዲሁ ነው፤ የመጀመሪያው ያዝረከረከውን ሁለተኛው ካገኘው፣ የሁለተኛው ውጤት አይታመንም።

እስከዚህ ድረስ ገብቶን ነበር። ስህተታችን ከዚህ በኋላ ነው።

ጃንጎ ቴስት ሲሮጥ ከእውነተኛው የተለየ ሌላ ባዶ ዳታቤዝ ይፈጥራል፤ ሲጨርስ ያጠፋዋል። ስለዚህ እውነተኛው መዝገብ አይነካም ብለን ተማምነናል። ግን ባዶውን በምን እንሙላው? የፈጠራ ሰው መጻፍ ሰለቸን። «እውነተኛው መዝገብ እያለ ምን ያደክመናል!» ተባባልን። የዳታቤዙን ይዘት ወደ ፋይል የሚገለብጥ ትእዛዝ አለ፤ በእሱ ሙሉ መዝገቡን በአንድ ፋይል አወጣንና ፊክስቸር ብለን ሰየምነው። ስም ከነአባት፣ ስልክ፣ ቤተሰብ፣ የመጡበት ቀዬ ሳይቀር ሁሉም አለበት። ፋይሉን በፍላሽ ተቀባብለን በሦስታችንም ላፕቶፕ ላይ ጫንነው። ሥራው በአንድ ቀን አለቀ፤ እኛም ብልህ የሆንን መሰለን።

በዚያች ሌሊት የጻፍነው ቴስት «ሰው ሲሞት ጥሪው ለሁሉም ይድረስ» የሚል ነበር። ቴስቱ ከመዝገቡ የመጀመሪያውን ሰው ይወስዳል፣ ሞቷል ብሎ ያስገባል፣ ለዕድርተኛው ጥሪ ይልካል። የመጀመሪያው ሰው ቁጥር 1 ነው። ቁጥር 1 ደግሞ ሁላችንም እማማ የምንላቸው እናታችን ናቸው፤ መዝገቡን ስንከፍት «በእርስዎ ይጀመር፣ ይቅናን» ብለን አስቀድመን ያስገባናቸው። ማምሻውን የስብሰባ ጥሪ የላክንበት ስልክ ከላፕቶፑ ሳይነቀል ቀርቷል። ካርድም ነበረው። ጃንጎ በቴስት ጊዜ ኢሜይል ወደ ውጭ እንዳይወጣ በራሱ ያግዳል፤ እኛ በኬብል ስለቀጠልነው ስልክ ግን የሚያውቀው ነገር የለም። ዳታቤዙ የሙከራ ነው፣ የስልክ ቁጥሮቹ ግን የእውነት ናቸው። ኮምፒዩተሩ «ቴስቱ አልፏል» አለን። ደስ ብሎን ተኛን።

ልጃቸው ጁባ ከተማ ነው የምትሠራው። መልእክቱን ከእኩለ ሌሊት በፊት አየችው። ስትደውል የእናቷ ስልክ ዝግ ነው፤ እማማ ባትሪ ለመቆጠብ ማታ ማታ ይዘጉታል። በዚያ ሰዓት መንገድ አይኬድም፤ ስለዚህ እስኪነጋ ድረስ ብቻዋን ስታለቅስ አደረች። ወገግ ሲል በቦዳ ቦዳ ጎሮም ደረሰች። ከእሷ ቀደም ብለው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ ሴቶች ደጁን ሞልተውታል፤ ወንዶቹ የድንኳኑን ብረት ተሸክመው ቆመዋል። እማማ እሳት ሊያያይዙ ከቤት ብቅ ሲሉ ጩኸቱ ቆመ። ማን ምን እንደሚል ጠፋው። እሳቸው ግን ሰዉን ሁሉ አዩና «ማን ሞተ?» አሉ።

እኛ መጥተን እግራቸው ላይ ስንወድቅ፣ «እናንተ ልጆች፣ እኔን ለመሞከሪያ ከመግደላችሁ በፊት አታማክሩኝም?» አሉን። ሰዉ ሳቀ። ልጃቸው እየሳቀች ታለቅስ ነበር። አንዲት እህታችን ግን አልሳቀችም። ከዓመታት በፊት የወንድሟን ሞት የሰማችው በስልክ ነው፤ ገበያ መካከል ቆማ፣ የሚይዛት ሰው በሌለበት። ሌሊት ስልኳ ጮኾ መልእክቱን ስታነብ ያው ቀን ተመልሶ እንደመጣባት ነገረችን። ከዚያ በኋላ ለእኛም ሳቁ አልመጣልንም።

መርዶ በእኛ ባህል ሥርዓት አለው። ሰው በሩቅ አገር ሲሞትበት ለዘመዱ ድንገት አይነገረውም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ጎረቤት አስከትለው፣ ጎህ ሳይቀድ በሩን ያንኳኳሉ። የሚደግፈው ክንድ ተዘጋጅቶ ነው የሚረዳው። ስደት ይህንን ሥርዓት ከብዙዎቻችን ነጥቆናል፤ የእናታችንን ሞት በመንገድ ላይ፣ በሥራ ቦታ፣ በተቆራረጠ ስልክ ሰምተናል። እኛ የጻፍነው ፕሮግራም ይህንን ሊጠግን ሲገባው፣ ያልሞተች እናት በሌሊት ለልጇ አረዳ።

የሙከራና የእውነት ድንበር ሲጠፋ የደረሰው በእኛ ብቻ አይደለም። በጃንዋሪ 13 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሃዋይ ግዛት፣ በአደጋ መከላከያ ቢሮው በልምምድ ሰዓት፣ ባለስቲክ ሚሳይል እየመጣ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ ለሕዝቡ ስልክ ተላከ። ማረሚያው የተላከው ከ38 ደቂቃ በኋላ ነው። በእነዚያ ደቂቃዎች ሰው ልጆቹን አቅፎ መደበቂያ ሲፈልግ ነበር። ያ ሁሉ ገንዘብና ባለሙያ ያለው መንግሥት ከተሳሳተ እኛስ ብንሳሳት ምን ይደንቃል ለማለት አይደለም። በልምምዱና በእውነተኛው መካከል ያለው ግድግዳ የሰው ጥንቃቄ ብቻ ከሆነ አንድ ቀን መፍረሱ አይቀርም ለማለት ነው።

የዕድሩ ዳኛ ሽማግሌዎቹን ሰብስበው ፈረዱብን። የመዋጮውን ሦስት እጥፍ ተቀጣን፣ እማማን ካስን። ከገንዘቡ ይልቅ ግን ያስጨነቀን የዳኛው ጥያቄ ነው። «ለመሆኑ የሁላችንን ስምና ስልክ፣ ከየት እንደሸሸን የሚናገረውን መዝገብ፣ በስንት ኮምፒዩተር ላይ አባዝታችሁታል?» አሉን። ሦስት ላፕቶፕና ሁለት ፍላሽ ቆጠርን። ሦስተኛ ፍላሽም ነበረ፤ የት እንደገባ ማናችንም አናውቅም። እስካሁንም አልተገኘም።

ስደተኛ ይህንን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም። ስማችን ከነቀዬያችን ማን እጅ እንደሚገባ የምንፈራበት ምክንያት አለን። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን በ2015 እ.ኤ.አ. የስደተኞችን የግል መረጃ ስለመጠበቅ መመሪያ ያወጣው፣ ኢትዮጵያም በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን ያጸደቀችው ያለ ነገር አይደለም። እኛ ግን ለመሞከሪያ ብለን የሕዝባችንን መዝገብ ኪሳችን ውስጥ ከቁልፍ ጋር አንጠልጥለን እንዞር ነበር። ፋይሉን ከሁሉም ቦታ አጠፋን። ማጥፋቱም ቀላል አልሆነም። ኮዳችንን የምናስቀምጥበት ጊት የሚባለው መሣሪያ ትናንት የነበረውን ሁሉ ያስታውሳል፤ ዛሬ ብትሰርዘውም በታሪኩ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቅሃል። ታሪኩን ራሱን ማጽዳት ነበረብን። እናንተም ከዚህ ተማሩ፤ የሰው ስም አንዴ ከኮድ ጋር ከተቀመጠ በአንድ ሰርዝ አይወጣም።

ከዚያ ወዲያ የእውነተኛ ሰው ስም ለሙከራ እንዳይነካ ተስማማን። ታዲያ በማን እንሞክር? ፊደል ስንቆጥር አብረውን ያደጉ ሁለት ወንድማማቾች አሉን፤ አበበና ጫላ። ማንም ሰው አበበንና ጫላን በመዝገብ ላይ ቢያይ «ይህማ የልጆች መማሪያ ነው» ይላል እንጂ አይደነግጥም። በዓለምም ልማዱ ይኸው ነው። ለምሳሌ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ዲኤችአይኤስ 2 የሚባል የጤና መረጃ ፕሮግራም አለ፤ ኢትዮጵያም ደቡብ ሱዳንም ይጠቀሙበታል። የእሱ የታወቀው መለማመጃ ዳታቤዝ የሲየራ ሊዮንን ስም ይዟል፤ ቁጥሮቹ ግን ለመለማመጃ የተፈጠሩ ናቸው። በአሜሪካ ስልክ ቁጥሮችም ከ555-0100 እስከ 555-0199 ያሉት ለፈጠራ ሥራ ተብለው ተትተዋል። ለእኛ እንዲህ ያለ የተተወ ቁጥር ስለማናውቅ ለእነ አበበ ርዝመቱ ያልሞላ፣ ቢደወልም የማይጠራ ቁጥር ሰጠናቸው። ከሁሉም በላይ ግን በቴስት ጊዜ ላኪውን ራሱን ቀየርነው። አሁን ቴስት ሲሮጥ መልእክቱ ወደ ስልክ አይሄድም፤ ወደ አንድ ዝርዝር ይጻፋል፣ ቴስቱም ዝርዝሩን አንብቦ ይፈርዳል።

«ተገላገልን» ስንል ሌላ ጉድ መጣ። አንዳችን ፕሮግራሙን ለኮሚቴው ለማሳየት ብሎ የእነ አበበን ፋይል በእውነተኛው መዝገብ ላይ ጫነው። አዲሶቹ ሰዎች ከነባሮቹ ጎን የሚቀመጡ መስሎት ነበር። ጃንጎ ግን ፊክስቸር ሲጭን የመዝገብ ቁጥሩ ተመሳሳይ ከሆነ በነበረው ላይ ይጽፍበታል። የእኛ አበበ ቁጥር 1፣ ጫላ ቁጥር 2 ነበሩ። ከቁጥር 1 እስከ 12 ያሉት ነባር ዕድርተኞች በአንድ ትእዛዝ ጠፉ። እማማ ሲሰሙ «መጀመሪያ ገደላችሁኝ፣ አሁን ደግሞ ወንድ አደረጋችሁኝ!» አሉ። ያዳነን የጸሐፊያችን ደብተር ነው። ኮምፒዩተሩ ከገባም በኋላ ደብተሩን አልጣሉትም ነበር፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ከደብተሩና ካለፈው እሑድ ግልባጭ አስማምተን መለስነው። አሁን የሙከራ ሰዎች ቁጥር የሚጀምረው ከ900001 ነው። በዚያ ላይ መጫኛው በመጀመሪያ የዳታቤዙን ስም ይጠይቃል፤ የሙከራ ካልሆነ እንቢ ይላል። ከሰው ጥንቃቄ ይልቅ እንቢ የሚል በር ይሻላል።

ወደ ሥራው ጥበብ ስንመጣ ደግሞ፣ አበበና ጫላ እጅግ የተስተካከሉ ሰዎች ስለሆኑ ብቻቸውን ብዙ አያስተምሩም። የእኛ መዝገብ እንደነሱ የተስተካከለ አይደለም። ስለዚህ አንድ ደንብ አወጣን፤ ችግሩን ከእውነተኛው መዝገብ ውሰድ፣ ሰውየውን ግን እዚያው ተወው። ለምሳሌ የአኙዋ ወንድሞቻችን ስም በፊደል ሲጻፍ አንዱ ጸሐፊ ኦሞድ፣ ሌላው ኡመድ ይለዋል፤ አንዱ ሰው ሁለት ሆኖ ሁለት መዋጮ ይጠየቃል። ኃይለ ሥላሴም አንዱ ጋ በኃ፣ ሌላው ጋ በሃ፤ አንዱ ጋ በሥ፣ ሌላው ጋ በስ ተጽፎ ይገኛል። ለኮምፒዩተር እነዚህ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ስለዚህ ስማቸው በሁለት መንገድ የተጻፈ የፈጠራ ሰዎች ሠራን። አንድ ስልክ ለሁለት ቤት የሚጠቀሙ ባልቴቶች፣ ጭራሹን ስልክ የሌለው አዛውንት፣ የአያቱን ስም የማያውቅ ወጣት፣ ከ2023 እ.ኤ.አ. የሱዳን ጦርነት ሸሽተው እንደመጡት ጎረቤቶቻችን ያለ የዓረብኛ ስም ያለው ሰው ጨመርን። ከመካከላቸው አንድም በሕይወት ያለ ሰው የለም፤ ችግራቸው ግን ሁሉም የእኛ ነው።

የቀን ነገርማ አይነሳ! የልደት ቀኑን በውል የማያውቅ ስደተኛ ብዙ ጊዜ በወረቀት ላይ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ይመዘገባል። በእኛ አቆጣጠር ይህ ቀን አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 23 ላይ፣ በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 22 ላይ ይውላል። ጳጉሜን ደግሞ አለች። የመጀመሪያው ፕሮግራማችን ጳጉሜንን አሥራ ሦስተኛ ወር ብሎ ቆጥሮ ለአምስት ቀን የወር መዋጮ ጠየቀ። ገንዘብ ያዡ ለምን ይህን ያህል ሰው ውዝፍ እንዳለበት ግራ ገብቷቸው ነበር። አሁን ጳጉሜን 6 ቀን 2011 ዓ.ም. ዕድር የገባ የፈጠራ ሰው አለን። ያ ቀን ሴፕቴምበር 11 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ነው። ጳጉሜን 6 የምትገኘው በአራት ዓመት አንዴ፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ስለሆነ፣ «ዓመት ሞላው» የሚለውን ሒሳብ እንደዚህ ሰው አድርጎ የሚፈትንልን የለም።

አንድ ጊዜ ደግሞ ሐምሌ ላይ ደህና ሲያልፍ የነበረ ቴስት መስከረም ላይ ወደቀ። ኮዱን ማንም አልነካውም። ለካስ ጫላን «እስከ ግንቦት የከፈለ» ብለን ጽፈነዋል። ሐምሌ ላይ የሁለት ወር ባለዕዳ የነበረው ጫላ፣ እኛ ስንተኛ ጊዜው እየሄደ የአራት ወር ባለዕዳ ሆኖ ከአገልግሎት ታግዷል። ከዚያ በኋላ ሰውን ብቻ ሳይሆን «ዛሬ» የሚለውንም በሞርሳ አሰርነው። በቴስቱ ውስጥ ዛሬ ሁልጊዜ የተወሰነች አንድ ቀን ናት።

የመጨረሻው ትምህርታችን የብዛት ነው። አንድ ትልቅ የጋራ ፋይል ውስጥ ሰው ስንጨምር ስንጨምር ስልሳ ደረሱ። ከዚያ ለአንዱ ቴስት ብለህ አንድ ሰው ስትጨምር፣ «ዕድርተኞቹ ስልሳ ናቸው» ብለው የሚያምኑ ሌሎች ቴስቶች ይወድቃሉ። የአንዱን ስልክ ስትቀይር በማታውቀው ቦታ ሌላው ይጮኻል። ፋይሉን መንካት የሚፈራ ነገር ሆነ። በመጨረሻ በተንነው። አሁን እያንዳንዱ ቴስት የሚያስፈልገውን ሰው ራሱ ይፈጥራል። «አንድ ዕድርተኛ ስጠኝ፣ የሁለት ወር ውዝፍ ይኑርበት» ይላል፤ ስሙ፣ ስልኩ፣ ሌላው ነገር በልማድ ይሞላል። ቴስቱ ሲያልቅ ሁሉም ያልተጻፈ ያህል ተመልሶ ይጠፋል። ቴስቱን የሚያነብ ሰውም የሚፈተሸው ነገር ውዝፉ እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። የጋራ ሆነው የቀሩት ጥቂት ናቸው፤ የወራት ስም፣ የመዋጮው ተመን፣ እንደነዚህ ያሉ የማይለዋወጡ ነገሮች። ለሦስት ሰው ቡና መቶ ወንበር አይደረደርም።

እነሆ አሁን ያቺን ሌሊት የምንክስበት አንድ ቴስት አለን። የጻፍነው ያቺ ያልሳቀችው እህታችን በስብሰባ ላይ ተነስታ ከተናገረች በኋላ ነው። «ጥሪው ለሁሉም ይድረስ አላችሁ። ለሁሉም አይድረስ። የሟቹ ወንድም በስልክ አይስማ» አለች። ዕድሩ ተቀበለው። አሁን በደንባችን መሠረት ሁለት ሽማግሌዎች መሞቱን ሳያረጋግጡ ምንም ጥሪ አይወጣም፤ የቅርብ ቤተሰብ ስልክ ደግሞ ከዝርዝሩ ይነሳል። ለእነሱ ሰው ነው የሚላከው፤ በእግሩ ሄዶ፣ በሩን አንኳኩቶ።

ቴስቱ እንዲህ ነው። አበበ ይሞታል። ጫላ ወንድሙ ነው። ጥሪው ለዕድርተኛው ሁሉ ይጻፋል፣ የጫላ ስልክ ግን ዝርዝሩ ውስጥ መገኘት የለበትም፤ ከተገኘ ቴስቱ ይወድቃል፣ ፕሮግራሙም አይለወጥም። እኛ ኮዱን በነካን ቁጥር፣ በቀን አሥር ጊዜም ቢሆን፣ አበበ ይሞታል፣ ወዲያውም ይነሳል። ጫላ አንድም ቀን በስልክ አልተረዳም።

ባለፈው ጊዜ በእውነት ሰው ሞቶብን ጥሪው ወጥቷል። ሽማግሌዎቹ ቀድመው ከቤተሰቡ ደጅ ደርሰው ነበር። እማማም ቡናቸውን ይዘው ከማለዳ መጡ፤ በመዝገቡ ላይ አሁንም ቁጥር 1 ናቸው። ስልካቸውን ግን ማታ መዝጋት ትተዋል። ለምን ሲባሉ «እነዚህ ልጆች ደግመው ቢገድሉኝ ልጄ ስትደውል አለሁ ልበላት ብዬ ነው» ይላሉ።

ኮምፒዩተር የምትማሩ ታናናሾቻችን፣ ደብተሩን አትጣሉ፣ የሰውን ስም አትሞክሩበት፣ ስልኩን ከኬብሉ ንቀሉ።

ቸር ያሰማን።